ከጋሻ እስከ ካሬ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የጠፉት የገበሬ መንደሮች

በኅዳር ወር ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ የጎጃምን መንገድ የያዘ ሰው፣ ሱሉልታ ከተማ ሳይደርስ የሣሩ ጠረን ይደርሰዋል። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ተኝቶበት የከረመው ሜዳ ጥቅምት ላይ ይጠነፍፋል። ሣሩ ይበስላል፣ ማጭድ ይገባበታል፣ ድርቆሹ ይከመራል። ክምሩ ከሩቅ ሲያዩት የጎጆ መንደር ይመስላል። ከዚያ ታስሮ በአይሱዙ ይጫንና እንጦጦን ተሻግሮ የአዲስ አበባ ላሞች ፊት ይወድቃል። የዋና ከተማዋ ሰው ማለዳ ማኪያቶው ውስጥ የሚጨምረው ወተት ግማሽ ታሪኩ እዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ባለፈው ኅዳር ከአስፋልቱ ወረድ ብዬ ወደ ሜዳው ገባሁ። ክምሮቹ አሉ፤ በመካከላቸው ግን የብሎኬት አጥር ገብቷል። አንዱ አጥር በር ላይ ካፖርት የደረቡ አዛውንት ተቀምጠዋል። የግቢው ዘበኛ ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን ስለ ዘንድሮው ሣር፣ ስለ ብርዱ ትንሽ ከተጨዋወትን በኋላ፣ የሚጠብቁት ግቢ ድሮ የማን እንደነበር ጠየቅኋቸው። በከዘራቸው መሬቱን ነካ አደረጉና የራሳቸው ማሳ እንደነበር ነገሩኝ።

«ስንት ይሆናል፣ አባባ?» አልኳቸው።

መጀመሪያ በጥማድ መለሱልኝ። ቀጥለው፣ የከተማ ሰው መሆኔን አይተው እንዳይቸግረኝ ብለው፣ በካሬ ደገሙልኝ። የካሬው ቁጥር ከአፋቸው ሳይደናቀፍ ነው የወጣው፤ ደላላው፣ ቀያሹና የቀበሌው ጸሐፊ እየተመላለሱ ያስጠኗቸው ቁጥር ነው። ጥማዱን ግን የሰሙት ከአባታቸው ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህቺው መልስ ከልቤ አልወጣ አለችኝ። በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩት የገበሬ መንደሮች እሳት አይተዋል፣ ጦር አይተዋል፣ ከሁሉም ተርፈዋል። ያልተረፉት ከመለኪያ ነው። በ140 ዓመት ገደማ ውስጥ ያው አፈር በጋሻ፣ በጥማድ፣ በሄክታር፣ በመጨረሻም በካሬ ተለካ። ገመዱ በተቀየረ ቁጥር የመሬቱ ባለቤት ተቀየረ፤ ለኪው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ አራሹ ዳር ቆሞ ያያል።

* * *

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በዜና ውስጥ እየተከታተሉ ስለሚጠሩ አንድ ዓይነት ይመስሉናል። አፈራቸው አንድ አይደለም። ሱሉልታ ደጋ ናት፤ ገብስ፣ ሣርና ከብት። ሜዳዋ ሲረጥብ በአገራችን ብቻ የምትገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ትሰፍርበታለች። የሱሉልታ ዝናብ ወደ ሙገር ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከእንጦጦ ወዲህ የወረደው ደግሞ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ተራራው እንደ ቤት ጣራ ጉልላት ሁለቱን ውኃ ለሁለት ይከፍላል። ቡራዩ በምዕራብ በኩል በአምቦ መንገድ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ የውኃ ግድቦች ቀዳሚው ገፈርሳ የሚገኘው እዚያ ነው። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሰበታን ሲያልፉ የበቾ ሜዳ ይዘረጋል፤ ኮትቻ አፈር፣ ክረምት የሚያሰምጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ፣ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ የሚያበቅል።

መንደር ስል ደግሞ ተጠጋግተው የተሠሩ ቤቶችን አንባቢ እንዳይስል እፈልጋለሁ። እዚህ ምድር ላይ ገበሬው በየማሳው መሐል ነው የሚኖረው። ጎጆው፣ በረቱ፣ የኩበቱ ክምር፣ አውድማው በአንድ አጥር ውስጥ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ ከማሳው ማዶ። መንደሩን መንደር የሚያደርገው የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ውኃ መቅጃ፣ ዕድርና ደቦ ነው። ደቦ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ደቦ ነው፤ አብሮ ያረሰ ሰው ቃሉን ተዋውሶታል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ መንደር ሲፈርስ ከሩቅ አይታይም። አንድ አጥር ይነሣል፣ ሌላው ይቀራል፤ ግጦሹ ይታጠራል፣ ምንጩ ግቢ ውስጥ ይገባል። አሥር ዓመት ቆይቶ የመጣ ሰው ነው መንደሩ እንደሌለ የሚያየው።

* * *

ይህ አገር ዳር አገር ነበር። ከአንኮበርና ከአንጎለላ ሆነው ለሚያዩት የሸዋ ነገሥታት የግዛታቸው ጠረፍ ነው። ለቱለማ ኦሮሞ ደግሞ መሐል አገር፣ ቀዬ ነው። ዛሬ ጉለሌ ብለን ክፍለ ከተማ የምንጠራበት፣ የካ ብለን ተራራ የምንጠራበት፣ ገላን ብለን ከተማ የምንጠራበት ስም ሁሉ በመጀመሪያ የሰው ስም፣ የጎሳ ስም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ፣ የንጉሡ ጦር ወደ ፊንፊኔ ሸለቆ ሲዘምት አብሮ ተጉዞ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። ሃሪስ ቃል ማሳመር የሚወድ፣ የአገሩን ሰው ከላይ ወደ ታች የሚያይ ጸሐፊ ነው። ቢሆንም የጻፈው አንድ ነገር ያረጋግጥልናል፦ ሸለቆው ባዶ አልነበረም። የታረሰ ማሳ፣ የከብት መንጋ፣ በየኮረብታው የተበተኑ ቤቶች ነበሩበት። ጦሩ ሲያልፍ ቤቶቹ ይቃጠላሉ፣ ከብቱ ይነዳል፤ ጦሩ ሲመለስ ደግሞ ከሞት የተረፈው ወርዶ ጎጆውን እንደገና ያቆማል። ጠረፍ የሆነ አገር የሚኖረው እንዲህ ነበር። የንጉሥ ዘመቻ ዓመቱን ጠብቆ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መሬቱ ግን ከአራሹ እጅ አይወጣም።

በ1879 ዓ.ም. ይህ ተለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃው ሲወርዱ ጦሩ ለመሄድ አልመጣም፣ ለመኖር መጣ። በኦሮሞ የቃል ታሪክ በዚያ ዘመን የጉለሌ መሪ ሆኖ የሚነሣው ቱፋ ሙና ነው፤ ከፊንፊኔ የተነቀሉት ሰዎች ትዝታ እስከ ዛሬ በስሙ ይነገራል። ከተማዋ መኳንንቱን፣ ካህናቱን፣ ወታደሩን በየሠፈሩ አስፍራ ማደግ ስትጀምር በዙሪያዋ ያለው ምድር ለእነዚሁ ሰዎች መደልደል ነበረበት። ያን ጊዜ ነው ቃላዱ የመጣው።

ቃላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። በቃላድ የተለካው መሬት በጋሻ ይቆጠራል፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ስሙ ጋሻ አንግቦ ከተዋጋው ወታደር ጋር የተያያዘ ነው፤ ለዋለው ውለታ የሚቆረጥለት መሬት ነው። ለግብር ሲባል መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ በሦስት ተከፈለ። በዚያ መዝገብ ላይ ባለጋሻው አለ፣ ግብሩ አለ፣ የአፈሩ ዓይነት አለ። እዚያው ተወልዶ የሚያርሰው ሰው ግን በመዝገቡ የገባው ጭሰኛ ተብሎ ነው። የምርቱን ሲሶ ወይም እርቦ፣ በሬና ዘሩ የባለመሬቱ ከሆነ ደግሞ እኩሌታውን ይከፍላል። ጭሰኛ የሚለው ቃል ከጭስ የመጣ ነው፤ ምድጃው ሲጨስ የሚታይ፣ ቤት ያለው ሰው ማለት ነው። ቤት አለው፣ መሬት የለውም።

በዚሁ ዘመን ባሕር ዛፍ ገባ። አዲስ አበባ ማገዶ ጨርሳ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር፤ በኋላ ቀርቶ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ካጸኗት ነገሮች አንዱ ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ነው። እንጦጦ በባሕር ዛፍ ተሸፈነ፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶች ግን ከሥሩ ካሉት መንደሮች የሚወጡ ናቸው። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ የከተማዋን እንጀራ ያበሰለው የእነሱ ጀርባ ነው። ይህን የጻፈ የከተማ ታሪክ ብዙ አላየሁም።

* * *

ከቡራዩ በአምቦ መንገድ አለፍ ብላ ባለችው ሆለታ ደግሞ ጨርሶ የተረሳ ሌላ የገበሬ መንደር ነበረ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘች ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ የጣሊያን የቀድሞ ወታደሮች ድርጅት በሆለታና በቢሾፍቱ ሁለት የሠፋሪ እርሻዎችን ከፈተ። ይህ ድርጅት በአገሩ፣ ከሮም በስተ ደቡብ ያለውን የጶንቲኖ ረግረግ አድርቆ አዳዲስ የገበሬ ከተሞች የቆረቆረ ነው። ያንኑ እዚህ ሊደግም ነበር ሐሳቡ። ሙሶሊኒ የጣሊያን ድሀ ገበሬ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ስንዴ እየዘራ እንዲኖር ይመኝ ነበር። ሠፋሪው መጣ፣ ቤት ተሠራለት፣ ትራክተር መጣለት። የአገሩ ገበሬ ወይ ተነቀለ ወይ በገዛ መሬቱ የቀን ሠራተኛ ሆነ። አርበኛውም አላስተኛቸውም። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ዕቅዱ ሁሉ ተበተነ። አምስት ዓመት ሳይሞላው የጠፋ የጠረፍ መንደር ነው። የተነቀለው ገበሬ መሬቱን መልሶ አገኘ እንዳልል ግን፣ የጠበቀው ያው የጋሻው ሥርዓት ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ጭሰኛው እዚያው ከተማው ጥግ ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለት ከሩብ ጋሻ በላይ መያዝ አይችልም ተባለ። በየ20 ጋሻው የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ መሬቱን ሲያከፋፍል የለካው በጥማድ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ በግምት የሄክታር ሩብ። ከቃላዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት በአራሹ መለኪያ ተለካ። እነዚህ መንደሮች እውነተኛ ባለቤት ያገኙት ያን ጊዜ ነው፣ ለአጭር ጊዜ።

አጭር ያልኩት በምክንያት ነው። እህሉ በኮታ ለመንግሥት ይገባ ጀመር። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ መንደር ምሥረታ በሸዋ ተስፋፋ፤ በየማሳው ተበትኖ የነበረው ቤት ፈርሶ በረድፍ እንዲሠራ ታዘዘ። ገበሬው ጎጆውን ተሸክሞ ሄደ፤ ወታደራዊው መንግሥት ሊወድቅ ሲል ደግሞ ተሸክሞ ወደ ማሳው ተመለሰ። ዛሬ በሱሉልታና በሰበታ ስልሳን የተሻገሩ ሰዎች ቤታቸውን ስንት ጊዜ እንዳፈረሱ ስትጠይቋቸው በጣታቸው ይቆጥራሉ።

* * *

አሁን ወደ ሄክታሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው ሁሉ የሚያወራበት፣ ጥቂት ሰው ብቻ ያሰላው ጉዳይ ስለሆነ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በዚሁ አንቀጽ አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት አለው ይላል። አንድ አንቀጽ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የከተማ ዳር ላይ ሲደርሱ ይጋጫሉ። ከተማ ሲሰፋ መሬቱ «ለሕዝብ ጥቅም» ይወሰዳል፤ የሚወሰደው ደግሞ ካሳ ተከፍሎ ነው። ካሳው እንዴት ይሰላ ነበር?

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መልሱን ይሰጣል። ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ስላልሆነ የመሬት ዋጋ አይከፈለውም። የሚከፈለው ቤቱ፣ ዛፉ፣ ያለማው ሁሉ ተገምቶ፣ በዚያ ላይ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነው። ለምሳሌ ያህል እኔው ልገምት፦ ግማሽ ሄክታር ጤፍ የሚያርስ ሰው በዓመት 8 ኩንታል ቢያገኝ፣ ኩንታሉም 1,000 ብር ቢሸጥ፣ ገቢው 8,000 ብር ነው። በአሥር ሲባዛ 80,000 ብር ይሆናል። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ነው። እንግዲህ አካፍሉት፤ ካሬው 16 ብር ወጣ። ያው መሬት አጥር ተሠርቶለት ለሊዝ ጨረታ ሲቀርብ ዋጋው በመቶና በሺህ ብር ይጠራል። ገበሬው ትምህርት ባይኖረውም ሁለቱን ቁጥር ማስተያየት አያቅተውም። ቂሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሬት ተወሰደብኝ ብቻ አይደለም የሚለው፤ በሄክታር ተወስዶ በካሬ ተሸጠብኝ ነው የሚለው።

80,000 ብር ደግሞ እርሻ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ምን ያደርጋል? ንግድ አያውቅም። ባንክ ቢያስቀምጠው ገንዘቡ እያደር ይቀልላል። ለልጁ ባጃጅ ይገዛል፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ሠርግ ይደግሳል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ በገዛ መሬቱ ላይ በተሠራው ግቢ በር ላይ ካፖርት ደርቦ ይቀመጣል። ሕጉ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ በዋለው አዋጅ ቁጥር 1161 ተሻሻለ፤ ስሌቱ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ተባዝቶ ሆነ፣ የተነሡትን መልሶ ማቋቋምም ግዴታ ተደረገ። አዲስ አበባም የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን አቋቁማ የተፈናቀሉትን መመዝገብና መደገፍ ጀመረች። የተሻለ ሕግ ነው። የመጣው ግን አብዛኛው ማሳ ታጥሮ ካለቀ በኋላ ነው።

በመሬቱ ላይ የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሰበታ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋምባት የአካባቢው ወጣት ደመወዝ የሚባል ነገር አወቀ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ወደ ተፍኪና ወደ ሆለታ በሚወስዱት መንገዶች ዳር የተዘረጉት የጽጌረዳ እርሻዎች ብዙ ሺህ ሴቶችን ቀጥረዋል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ያህሉን ጉዞ የሚጀምረው ከሰበታ ነው። አገር ያለ ፋብሪካና ያለ ባቡር አያድግም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ የዕድገቱን ዋጋ ከሁሉ አስቀድሞ የከፈለው ሰው የዕድገቱ ባለድርሻ ለምን አልሆነም? መሬቱን እንደ አክሲዮን ቆጥሮ ከሚሠራበት ፋብሪካ፣ ከሚከራየው መጋዘን ዓመታዊ ድርሻ እንዲያገኝ ማድረግ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም። ያልተደረገው ስላልታሰበ፣ ወይም ታስቦ ስላልተፈለገ ነው።

* * *

ገበሬውም ዝም ብሎ አልጠበቀም። መንግሥት በእንዲህ ያለ ዋጋ እንደሚወስደው ሲገባው ቀድሞ መሸጥ ጀመረ። ደላላው ገዢ ያመጣል። ገዢው ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረረው መምህር ነው፣ ሸማኔ ነው፣ የቀን ሠራተኛ ነው። የመንደር ውል ይጻፋል፤ ሦስት ምስክር ይፈርማል፤ ሌሊቱን ጭቃ ቤት ይቆማል። ጨረቃ ቤት መባሉ በጨረቃ ስለሚሠራ ነው። ሻጩ ሕግ ጥሷል፣ ገዢውም ጥሷል፤ ሁለቱም ግን ሌላ በር አልተከፈተላቸውም። ቡራዩ በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 10 ሺህ ገደማ ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ ቆጠራ 49 ሺህ ገደማ ደረሰች። ከተማ በዚህ ፍጥነት ሲያድግ ያደገው በማሳ ላይ ነው። መልካ ገፈርሳ፣ ገፈርሳ ኖኖ፣ ገፈርሳ ጉጄ፣ ለኩ ከታ የሚባሉት የቡራዩ ቀበሌዎች ስማቸውን ይዘው የቀሩት ከእርሻው ዘመን ነው።

በ2000 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ተደራጁ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ልዩ ዞኑን በአንድነት የሚያለማ የተቀናጀ ማስተር ፕላን መኖሩ ሲሰማ ተቃውሞ ተነሣ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ ዳግም የተቀሰቀሰው ደግሞ አገር አዳረሰ። በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሠረዘ፤ እስከዚያ ብዙ ወጣት ሞቷል። ጊንጪ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ዕቅዱ አይደርስባትም። ግን የጊንጪ ገበሬ ልጅ ቡራዩ ላይ የሆነውን አይቷል። ፖለቲካው ብዙ ክር አለው፤ ከሥሩ ግን ያ የካሬ ስሌት አለ ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ያዘነ ሰው ያዘነን ሰው መታ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በርካታ ሰዎች ተገደሉ፣ ሺዎች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ከተጎዱት ብዙዎቹ በሽመና የሚተዳደሩ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ መሬት ያጡም፣ መሬት የነጠቁም አይደሉም፣ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ናቸው። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። የኦሮሞ ሽማግሌም ለእርቅ ሲቆም በእጁ የሚይዘው ያንኑ ሣር ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በብሎኬት መካከል ቆሞ የቀረውን ሣር ባየሁ ቁጥር ይህ ይመጣብኛል።

በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ፣ ኋላም ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው ከተጠቃለሉ በኋላ፣ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው የተባሉ ቤቶች በብዛት ፈረሱ። እነዚያ ቤቶች ውስጥ የነበረው ያ የመንደር ውል የያዘው መምህርና የቀን ሠራተኛ ነው። ገበሬው መሬቱን አጣ፤ ከገበሬው የገዛውም አጣ። በአንዱ ጉድ ሌላው ሊደሰት አይገባም፤ ሁለቱን የነቀለው አንድ ነገር ነው፣ የሰው ስም የማይጻፍበት መለኪያ።

* * *

ወደ ሱሉልታው አዛውንት ልመለስ። በሌላ ቀን ደብተር ይዤ ሄድኩ። ከመቀመጫቸው ሳይነሡ በከዘራቸው እያመለከቱ የመንደራቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ነገሩኝ። የእገሌ አውድማ ያ ቀይ በር ያለው ግቢ ነው። የውኃ መቅጃው ከዚያ የታሸገ ውኃ ከሚጫንበት መኪና ወዲህ ነው። ግጦሹ ያ የፈረሰው አጥር ነው። የእያንዳንዱን ሰው ማሳ በጥማድ ያውቃሉ፤ ማን ከማን ጋር በሬ አቀናጅቶ ያርስ እንደነበር ያውቃሉ። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 11 ቤተሰብ ጻፍኩ። ከ11ዱ ዛሬ እያረሰ ያለ አንድም የለም።

ይህን የሚያህል መንደር በየአቅጣጫው ብዙ አለ። የጋሻው ዘመን መዝገብ ባለጋሻውን ጻፈ፤ የሊዙ ዘመን መዝገብ ተጫራቹን ጻፈ። የአራሹ ስም የተጻፈበት መዝገብ የ1967ቱ የገበሬ ማኅበራት ደብተር ነው፤ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ ካለ፣ ውኃና አይጥ ሳይጨርሰው ወደ ቤተ መዛግብት ሊገባ ይገባዋል። የሸገር ከተማ አስተዳደርም ለአዳዲስ መንገዶቹ ስም ሲሰጥ መጀመሪያ የማሳዎቹን ስም ይጠይቅ። ወጪው ጥቂት ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው፣ የሚያውቁት ሰዎች ሰማንያ እየሞላቸው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ ወይም በአቃቂ አያት ካለዎት፣ በመጪው በዓል ሲጠይቋቸው ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ይሂዱ። ማሳው ማን ይባል እንደነበር፣ ስንት ጥማድ እንደነበር፣ ጎረቤቱ ማን እንደነበር፣ ውኃ ከየት ይቀዳ እንደነበር ይጠይቋቸው። የተናገሩትን በተናገሩበት ቋንቋ ይጻፉት። ቀኑንም ይጻፉበት።